የወይዘሪት አንድ ዙር

የላሊበላ በቅሎ አከራዮች ቱሪስት ከመኪና ሲወርድ ባዩ ቁጥር እየተጋፉ ይሮጣሉ። ከፋለ አይሮጥም። ራቅ ብሎ ይቆምና ሰውየውን ይመረምራል። ሌላው አከራይ የሚመረምረው ክብደት ነው፤ ከፋለ የሚመረምረው አፍ ነው። ሰውየው ዝምተኛ ከመሰለው ኮርቻውን መታ መታ አድርጎ «ና ጌታዬ፣ ተቀመጥ» ይለዋል። ለፍላፊ ከሆነ ግን ከነሻንጣው ለጎረቤቱ ያሳልፈዋል። የከፋለ በቅሎ፣ ስሟ ወይዘሪት፣ ጩኸትና ወሬ ባለበት አንዲት እርምጃ አትራመድማ!

አንድ ጊዜ ተሳስቶ አንድ ጣሊያናዊ ጫነባት። ሰውየው የአሸተን ማርያምን አቀበት ገና ሳይጀምሩት ስለ ድንጋይ ጠረባ ማስረዳት ጀመረ። ወይዘሪት ቆመች። እሱ ያስረዳል፣ እሷ ቆማለች። አብረውት የመጡት ወጡ፣ ተሳለሙ፣ ወረዱ፣ ምሳቸውን በሉ፤ አንዳንዶቹማ አገራቸው ገብተው የልጅ ልጅ አይተዋል ይባላል። የሰውየው ድምፅ ተዘግቶ አገሩ ጸጥ ሲል ነው ወይዘሪት ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሽቅብ ይዛው የሄደችው። «ሂጂ!» ብሎ የሚጮህባት እዚያው ይከርማል፤ ዝም የሚላት ይደርሳል።

ሰው በዚህ ጸባይዋ ሲስቅ ይውላል። «አያ ከፋለ፣ ቀበሌ ስብሰባ ደጃፍ እንዳታስራት፤ ክረምት ከበጋ ቆማ ትቀራለች» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ጸባዩን ከየት እንዳመጣችው ግን ለሁሉም ሰው አይናገርም። ቢናገር ሳቁ ይቋረጣላ።

ወይዘሪት የምናለ በቅሎ ነበረች። ምናለና ከፋለ ከነአኩቶ ለአብ በታች ባለው ተዳፋት ላይ አጥር ለአጥር ያደጉ የልብ ጓደኛሞች ናቸው። ስሟን ያወጣላት ምናለ ነው፤ «በቅሎ አትወልድ፣ አታገባ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወይዘሪት ናት» ብሎ። የባድመው ጦርነት ሲነሳ በቅሎ ያለው ገበሬ ስንቅ እንዲያመላልስ ተጠራ። ሁለቱም ሄዱ። ጠመንጃ አልያዙም፣ የደንብ ልብስ አልለበሱም፤ የተሰጣቸው ጀሪካን ነበር። ምሽግ ውስጥ ላለው ሠራዊት ውሃ ማድረስ ነው ሥራቸው። መድፉ ሲያጓራ ቋጥኝ ሥር ድርቅ ብለው ይቆማሉ። ጸጥ ሲል ይሮጣሉ። ምናለ ይህንኑ ለወይዘሪት አስተማራት፦ በጩኸት ቁሚ፣ በጸጥታ ሂጂ። ከፋለ እንደሚምለው ከሆነ ነገሩ ከሃምሳ አለቃው ቀድሞ የገባት ለእሷ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መድፉ ጸጥ አለና ምናለና ወይዘሪት ከቋጥኙ ሥር ወጡ። ምሽጉ ጋ የደረሰችው ወይዘሪት ብቻ ነበረች፣ ጀሪካኖቿን እንደ ሞሉ ይዛ። ወታደሮቹ ጠጡ። ከፋለ በመጡበት መንገድ ተመልሶ ጓደኛውን ወድቆ አገኘውና እዚያው ጦር ሜዳው ላይ ከሌሎቹ ሙታን ጋር ቀበረው። ጦርነቱ ሲያልቅ በቅሎዋን እየሳበ ላስታ ገባ።

የምናለ እናት እማማ ወለተ ሩፋኤል ፍትሐቱን አስፈቱ፣ ተዝካሩን አወጡ። ለቤተ ክርስቲያን የሚገባውን ሁሉ አደረጉ። እርማቸውን ግን አላወጡም። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ በመንደራቸው ደንብ የሰውየው በቅሎ ትጫናለች፤ ልብሱ በኮርቻዋ ላይ ይዘረጋና ለቀስተኛው በከበበው ሜዳ ትዞራለች። ባዶውን ኮርቻ ያየ ሁሉ ሰውየውን ያየዋል። እናት ያኔ አልቅሳ እርሟን ታወጣለች። መንደሩ ሜዳውን ጠርጎ ሲጠብቃቸው እማማ ወለተ ሩፋኤል እንቢ አሉ።

«ልጄን መንደር አልላከውም» አሉ። «የላከው አገር ነው። አገር በቆመበት ትዙር። እስከዚያ ድረስ ልጄ አልሞተም፤ መንገድ ላይ ነው።»

ከዚያ ወደ ከፋለ ዞሩ። «ይዘሃት የመጣኸው አንት ነህ፤ የምታዞራትም አንት ነህ።»

«እሺ እናትዬ» አለ ከፋለ። ያቺ «እሺ» ናት እንግዲህ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ጣጣዋ ያላለቀው።

አገር የሚቆምበት ቀን በላሊበላ በዓመት አንድ ጊዜ አለ። ጥቅምት ላይ፣ የዘመቱትና የወደቁት የሚታሰቡበት ቀን። ድንኳን ይተከላል። በድንኳኑ ጥላ ለእንግዶች ለስላሳ ወንበር፣ ፀሐይ ላይ ለዘማቾች የፕላስቲክ ወንበር፣ ለተቀረው ሕዝብ ደግሞ ፈጣሪ ያዘጋጀው ድንጋይ አለ። የተማሪዎች ማርሽ ባንድ ከበሮውን ይደልቃል። የድምፅ ማጉያው እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሰማል፤ ዋሻ ውስጥ ያሉት መነኮሳት ንግግሩን በቃላቸው ይዘውታል የሚሉም አሉ። እያንዳንዱ ተናጋሪ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» ብሎ ይጀምርና ጊዜውን ከነሥሩ ነቅሎት ይሄዳል።

ከፋለ አንድ ዓመት እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ጀሪካን ያመላለሰ ሰው ዘማች ስለማይባል ድርሻው ድንጋይ ነው። ከሜዳው በር አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጥባት ድንጋይ አለች፤ ከመቀመጥ ብዛት ጎድጉዳ ወንበር መስላለች። ከንጉሡ ወዲህ በላስታ ድንጋይ የወቀረ እሱ ብቻ ነው ይሉታል፤ ያውም በመቀመጫው።

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሙሉሃብት የሚባሉ የሙጃ ሰው ናቸው። ቅን ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ፕሮግራማቸውን ከዓይናቸው ብሌን ይበልጥ ይወዳሉ። ከፋለ መጀመሪያ ወይዘሪትን እየሳበ የመጣ ጊዜ በሩ ላይ አስቆሙት።

«አቶ ከፋለ፣ በቅሎዋ ፕሮግራሙ ላይ የለችም።»

«ለዚሁ ነው እኮ ያመጣኋት። እንድትኖር።»

«ፕሮግራሙ ጸድቋል።»

በዓመቱ ቀደም ብሎ ሄደ። ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ተሰበሰበ፤ ሻይ ተጠጣ፤ ክርክሩ ጦፈ፤ በመጨረሻም ጉዳዩ የእንስሳ ጉዳይ ስለሆነ እንስሳት ወደሚመለከተው ክፍል ይሂድ ተባለ። ከፋለ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቶ፣ ወይዘሪትን አስከትቦ ተመለሰ። ፈቃድ ባታገኝም ጤናዋ ተጠበቀ። በሚቀጥለው ጊዜ አቶ ሙሉሃብት አንድ መላ አመጡ፦ በቅሎዋ ራሷ ከምትገባ ፎቶዋ በባነር ተሠርቶ ይሰቀል። ከፋለ ይህን ለእማማ ወለተ ሩፋኤል ሲነግር «ፎቶ ኮርቻ ይሸከማል ወይ?» አሉት። መልሱን እንዳለ አደረሰ። ባነሩ ቀረ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በገበሬዎቹ ሰልፍ መሃል ሸሽጎ ሊያስገባት ሞከረ። በሩ ላይ ሲደርሱ የማርሽ ባንዱ ከበሮ ጓ! አለ። ወይዘሪት ተገተረች። ከኋላዋ ያለው ሰልፈኛ ይገፋል፣ ይጮሃል፣ ይለምናል፤ በጮኸ ቁጥር እሷ ይበልጥ ትተከላለች። የሰልፉ ግማሽ ሜዳ፣ ግማሹ መንገድ ላይ እንዳለ በዓሉ ተፈጸመ። አቶ ሙሉሃብት ከዚያ ወዲህ ከፋለን በሩቁ ሲያዩት ራሳቸውን ያማቸዋል።

ዘንድሮ የወይዘሪት ጉልበት ዛለ። ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች። የእማማ ወለተ ሩፋኤልም ዓይን ደከመ። አንድ ጠዋት ከፋለን በአጥሩ ላይ ጠሩት።

«እኔና ወይዘሪት ማን ይቀድም ይሆን እየተባባልን ነው» አሉት። «እሷ ሣሩን ጠልታለች፤ እኔንም እህል አልወርድ ብሎኛል። ዘንድሮ ነው፣ ከፌ።»

«ዘንድሮ ነው፣ እናትዬ» አለ። «መግቢያዋን አግኝቻለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ፕሮግራሙን እንደ አጥር እየዞረ ቀዳዳ ሲፈልግ ነበር። ቀዳዳውን አገኘው። ከንግግሮቹ በፊት ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት ያደርጋል። በዚያች ደቂቃ ባንዱ አይመታም፣ ማጉያው አይጮህም፣ ዘበኛው አይሮጥም፤ ሰብሳቢው እንኳ «ያዟት!» ማለት አይችሉም። በላስታ ሜዳ ላይ አዛዥ የሌለባት ብቸኛ ደቂቃ እሷ ናት። በጸጥታ የሚሄድ ደግሞ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ሜዳው ዙሪያውን በሰው የታጠረ ስለሆነም ዞራ ወደ ገባችበት በር ከመመለስ ሌላ መንገድ የላትም።

እማማ ወለተ ሩፋኤል አድምጠው ሲያበቁ ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ።

«ድምፅ ከተሰማስ?» አሉ።

«ትቆማለች። መሃል ሜዳ ላይ ትቀራለች። ያኔ ያወጧታል፤ ሁለተኛም አትገባም። ስለዚህ እናትዬ፣ ዞራ እርስዎ ጋ እስክትደርስ...»

«ለልጄ ለቅሶ አፌን ልዝጋ?»

«እስክትዞር ብቻ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ይህን ሁሉ ዓመት የዘጋሁት አፍ ለአንዲት ዙር አያቅተኝም። ይልቅ አንት ኮርቻውን በደንብ አጥብቅ።»

ቀኑ ደረሰ። ከፋለ የምናለን ኮርቻ ጫነባት፤ በላዩ እናቱ በየዓመቱ እያጠቡ ያስቀመጡትን ጋቢ ዘረጋ፤ ግራና ቀኝ ባዶ ጀሪካን አንጠለጠለ። ማልደው ተነሥተው ቀስ ብለው ወጡ። እማማ ወለተ ሩፋኤል በሩ አጠገብ ያለችው የከፋለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «አይ ያንተ ነገር፣ ጥሩ አድርገህ ወቅረሃታል» አሉ።

በር ጠባቂው አብደላ ሲያያቸው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አያ ከፋለ! ወላሂ ዘንድሮም ይዘሃት መጣህ?»

«ዘንድሮም።»

«አቶ ሙሉሃብት ‹ከፋለ በቅሎ እየሳበ እንዳይገባ፣ ከገባ አንተን አያድርገኝ› ብለውኛል።»

«አልስባትም።»

አብደላ ከፋለን አየ፣ ወይዘሪትን አየ፣ ጋቢውን አየ። በሩ አጠገብ የተቀመጡትን አሮጊት አየ። ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«እንግዲያው እጅህን ልያዝህ። ‹ምን ስታደርግ ነበር?› ሲሉኝ ‹ከፋለን ይዤ ነበር› እላለሁ።»

«አጥብቀህ ያዘኝ» አለ ከፋለ። ሁለቱ እንደ ሚዜና ሙሽራ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ባንዱ ደለቀ። ወይዘሪት በሩ መሃል እንደ ሐውልት ቆማለች። የአበባ ጉንጉኑ መጥቶ ሜዳው መሃል ባለው መቆሚያ ላይ ተቀመጠ። የክብር እንግዳው ከሩቅ ከተማ የመጡ፣ ሱፋቸው ገና መታጠፊያው ያልጠፋ ሰው ነበሩ። አቶ ሙሉሃብት ማይኩን ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ አደረጉና «ለአገራቸው ሲሉ ለወደቁት የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናድርግ» አሉ። ሕዝቡ ተነሣ። ማጉያው ሲጥ ብሎ ጠፋ። ነፋሱ እንኳ ጥሪ የደረሰው ይመስል ቆመ።

የወይዘሪት ጆሮ ቀጥ አለ።

ከፋለ ገመዱን ለቀቀው። አብደላ የከፋለን እጅ አጥብቆ ያዘ፤ ዓይኑን ግን ጨፈነ።

ኮቴዋ ብቻ ነው የሚሰማው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የደከመ ጉልበቷን እየጎተተች ገባች፤ ባዶዎቹ ጀሪካኖች በጎኗ ይወዛወዛሉ፤ ጋቢው በኮርቻው ላይ ነጭ ነው። አንገታቸውን የደፉት አንድ በአንድ ቀና አሉ። የላሊበላ ሰው ሁሉ ወይዘሪትን ያውቃታል፤ በጸባይዋ ያልሳቀ የለም። ባዶ ኮርቻ ምን ማለት እንደሆነም ማንም አልተነገረውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ። ፀሐይ ላይ የቆሙት ዘማቾች ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ሜዳ ላይ ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም፤ አንድ ሰው ሆዱ ሲጮህበት በአካባቢው ያሉት በሙሉ በዓይናቸው ሊበሉት ደረሱ።

ወይዘሪት የአበባ ጉንጉኑ ጋ ስትደርስ አፍንጫዋን አሾለች። ኮሚቴው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። አሸተተችው፣ አሸተተችው። ፕላስቲክ ነው። በንቀት ጥላው አለፈች።

ድንኳኑ ፊት ለፊት ስትደርስ ነው የክብር እንግዳው ስልክ የጮኸው። ያውም ሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን ነው።

ወይዘሪት ቆመች።

ከፋለ ሊሮጥላት ዳዳው፤ አብደላ እጁን ስቦ አስቀረው። እማማ ወለተ ሩፋኤል ከድንጋያቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው። ዘፈኑ ቀጠለ። እንግዳው አንዱን ኪስ ይዳስሳሉ፣ ሌላውን ይዳስሳሉ፤ ያ ሱፍ ኪስ እንጂ ሌላ ነገር ያለው አይመስልም። ሜዳው ሙሉ ሕዝብ አፉን ዘግቶ ዓይኑን አፈጠጠባቸው። በመጨረሻ ስልኩን አገኙት፤ የሚጠፋበት ጠፍቷቸው ወንበሩ ላይ ጣሉትና ተቀመጡበት። ዘፈኑ ከሥራቸው ትንሽ ተንፈራገጠና ሞተ።

ጸጥታ። ወይዘሪት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ደቂቃዋ ካለፈች ቆይታለች። አቶ ሙሉሃብት ማይኩን ይዘዋል። «አመሰግናለሁ» ቢሉ ያበቃል፤ ፕሮግራሙም ይህንኑ ይጠይቃል። አፋቸውን ከፈቱ። ከፋለ ከበሩ ላይ ሆኖ አያቸው፤ አልለመናቸውም፣ አልተቆጣቸውም፤ ዝም ብሎ ውሃ ጭኖ ቋጥኝ ሥር እንደሚጠብቅ ሰው ያያቸዋል። አቶ ሙሉሃብት በቅሎዋን አዩ። ጋቢውን አዩ። ከዚያም አፋቸውን ዘጉና ትንፋሻቸው እንኳ እንዳይወጣ ማይኩን በመዳፋቸው አፈኑት።

የወይዘሪት ጆሮ ተነሣ። አንዱን እግር አነሣች። ሌላውን አስከተለች። ድንኳኑን አለፈች፤ ባንዱን አለፈች፤ ከበሮ መቺው ዱላዎቹን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፏቸዋል። ዘማቾቹን አለፈች። ዙሩን ጨርሳ የከፋለ ድንጋይ ጋ ደረሰችና አፍንጫዋን የእማማ ወለተ ሩፋኤል ደረት ላይ አሳረፈች።

አሮጊቷ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋ አፍ ተከፈተ።

«ውሃ ጭኖ ሄዶ፣ ጥም ሊቆርጥ ለሰው፣
በቅሎዋ ደረሰች፣ እሱን ምን ዋጠው!»

ሜዳው አንድ ሆኖ ተቀበላቸው። የልጅ እናት፣ የወንድም እህት፣ ባሏን ያጣች፣ እርሟን ያላወጣች ሁሉ ደረቷን እየመታች ወጣች። ዘማቾቹ ምናለ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ከፋለም ነገራቸው፤ እነሱም ለኋለኞቹ ጮክ ብለው አስተላለፉ፦ «ምናለ! ውሃ አመላላሹ ምናለ!» ስሙ በድንኳኑ ውስጥ አልፎ ለክብር እንግዳው ደረሰ። ተነሥተው ቆሙ።

ለቅሶው በረድ ሲል አቶ ሙሉሃብት ሜዳውን አቋርጠው መጡ። አብደላ የከፋለን እጅ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ «ይዤዋለሁ ጌታዬ፣ አልለቀቅኩትም!»

«አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ከፋለ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአባቴ ሲለቀስ ሕፃን ነበርኩ፣ ሙጃ ላይ። በቅሎ አልነበረውም። ከጎረቤት ተውሰን ነው ያዞርነው።» የፕሮግራሙን ወረቀት አጣጠፉ። «ፕሮግራሙን ግን አስረዝመህብኛል።»

«ንግግር ይቀንሱበታ!» አለ ከፋለ።

ንግግር እንኳ አልተቀነሰም። ማጉያው ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» ብሎ ጀመረ። ወይዘሪትን ከዚያ ማን ያንቀሳቅሳት! ከእማማ ወለተ ሩፋኤል አጠገብ ተተክላ ንግግሩን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ያን ቀን ሳትንጠራራ፣ ሳታዛጋ የተከታተለች እንግዳ እሷ ብቻ ነበረች። ሁለት ዘማቾች የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው መጥተው አንዱን ለአሮጊቷ፣ አንዱን ለከፋለ ሰጡ። ከፋለ ወንበሩን አየው፤ ድንጋዩንም አየ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ኮርቻዋን አውርድላት» አሉ እማማ ወለተ ሩፋኤል። «ጨርሳለች።»

ፈታው፣ አወረደው። ጋቢውን እሳቸው ለበሱት። ጀርባዋ ላይ የኮርቻው ምልክት በላብ ታትሞ ቀርቷል፤ ከፋለ በእጁ መዳፍ አበሰላት።

የመጨረሻው ተናጋሪ ሲወርድ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ባንዱ ሄደ፣ ማጉያው ጠፋ። ሜዳው ጸጥ አለ። ወይዘሪት ጆሮዋን ቀጥ አደረገችና ማንም ሳይስባት ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች። ከፋለ ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሞ፣ አሮጊቷን ደግፎ ተከተላት። ትንሽ እንደ ሄዱ አንድ ነገር ሊላቸው ፈለገና አፉን ከፈተ።

እማማ ወለተ ሩፋኤል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በል፣ አንት። ትሂድበት።»